መልስ፦ «ዘ ኤክሶርሲስት» ወይስ «ዘ ሻይኒንግ»?

ወንድሜ፣ ከሁለቱ አስፈሪ ፊልሞች፣ ከ«ዘ ኤክሶርሲስት» እና ከ«ዘ ሻይኒንግ»፣ የቱ ይበልጣል ላልከው፣ እኔ ከሁለቱም በፊት የማስቀምጠው የዳይሬክተር ጆን ካርፔንተርን «ዘ ቲንግ» ነው፤ በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣውን። አንታርክቲካ በረዶ ውስጥ የተዘጉ ሰዎች መሃል የማንንም መልክ መያዝ የሚችል ፍጡር ገብቶ፣ ማን ሰው ማን ጭራቅ እንደሆነ አይለይም። ደማቸውን በጋለ ሽቦ የሚፈትኑበትን ቦታ ስንቴ አይቼው፣ ዛሬም ትንፋሼን ይዤ ነው የማየው። ጭራቁን በዋናነት የሠራው ሮብ ቦቲን ያኔ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር፣ አስበው!

ካነሳሃቸው ግን «ዘ ኤክሶርሲስት» ይበልጥብኛል። እናትየው ጋኔን የያዛትን ልጇን ይዛ ከሐኪም ሐኪም ስትንከራተት ማየት ከጋኔኑ በላይ ያስጨንቀኛል፤ ጸበል ቦታ የታመመ ሰው ሲጮህ እየሰማ ላደገ ደግሞ ነገሩ ሩቅ አይደለም። «ዘ ሻይኒንግ» ታሪኩ የሚካሄድበት ሆቴል ግሩም ነው፤ ቀስ በቀስ የሚያብደውን ሰው የሚጫወተው ጃክ ኒኮልሰን ግን ገና ከመጀመሪያው ያበደ ስለሚመስል ሲለወጥ አላስደነገጠኝም።