«በላጲስ አሻሽተህ ይሄን ሁሉ ብር?»

ይህን የሚለኝን ደንበኛ ኋላ አነሳዋለሁ፤ መጀመሪያ ግን አንድ ወንድማችን የጠየቀው ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት አይቲ ክፍል ውስጥ አራት ዓመት ሠርቷል። ደመወዙ አልበቃው ስላለ ለቆ በግሉ ኮምፒውተር መጠገን ሊጀምር ነው። «በግል የምትሠሩ፣ በየቀኑ የሚያማርራችሁ ምንድን ነው? ዋጋስ እንዴት ነው የምትቆርጡት? ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?» ይላል።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በዚህ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። መጀመሪያ ቦርሳ አንግቼ ቤት ለቤት፣ አሁን ደግሞ ሜክሲኮ አካባቢ ባለች ጠባብ ሱቅ። መልሴ ይረዝማል፤ ሻይ ቡናህን ይዘህ አንብበው።

ከዋጋው ልጀምር። አንድ ሰውዬ ዴስክቶፕ በታክሲ አስጭኖ መጣ። «ሲፒዩው ይጮሃል፣ ስክሪኑ ግን ምንም አያሳይም» አለኝ። (ሲፒዩ ውስጡ ያለችው ፕሮሰሰር ብቻ ናት፤ እኛ አገር ግን ቀፎው በሙሉ ሲፒዩ ነው የሚባለው። ለማረም አትድከም፣ ልመደው።) ሰካሁት። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ራም፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ነው። ከፈትኩት፤ ውስጡ ትራስ የተቀደደበት ይመስላል። ራሙን ነቀልኩ፣ ከመሳቢያዬ የተማሪ ላጲስ አወጣሁ፣ ወርቃማ ጥርሶቹን በቀስታ ፈተግ ፈተግ አደረግኩ። ብናኙን ጠረግኩ። መልሼ ቀጭ እስኪል ሰካሁት። ተነሳ። አምስት ደቂቃ አልሞላም። (አልኮል ይሻላል የምትሉ ልክ ናችሁ፤ እኔም አሁን አልኮል ነው የምጠቀመው። ያኔ ላጲስ ነበር።)

ሂሳቡን ነገርኩት። ሰውየው ላጲሷን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ ላጲሷን አየ። «በላጲስ አሻሽተህ ይሄን ሁሉ ብር? ላጲስ እኮ እኔም ቤት አለ!» አለኝ። ግማሹን ሰጥቶኝ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግኩ ልንገርህ፣ አፍሬበታለሁ። ሥራ ማስረዘም ጀመርኩ። በአሥር ደቂቃ የሚያልቀውን «ነገ ከሰዓት ተመለስ» እላለሁ። ማሽኑ ሠርቶ ጥግ ላይ ያድራል። በማግስቱ ባለቤቱ ይመጣል፣ እኔ ግንባሬን እጠርጋለሁ፣ «አስቸገረ እንዴ?» ይለኛል፣ «በጣም!» እላለሁ። ምን ይገርምሃል፣ አንድም ሰው ዋጋ ተከራክሮኝ አያውቅም! ሰው የሚከፍለው ላየው ድካም ነው። ራም መሆኑን ከጩኸቱ ለመለየት የፈጀብኝን ዓመት ማን ያየዋል?

ይህን ድራማ ተውኩት፣ ምክንያቱም ሱቋ በተጠገኑ ማሽኖች ሞልታ መቀመጫ አጣሁ። አሁን አንድ ነገር ነው የማደርገው። ብሎን ሳልፈታ «ከፍቼ ለማየት ይህን ያህል ነው፤ ቢሠራም ባይሠራም ይከፈላል። ዕቃ የሚቀየር ከሆነ ደውዬ አሳውቅሃለሁ» እላለሁ። የሚሄድ ይሄዳል። የቀረው ሰው ግን በላጲስ ሠራኸው በአስማት አይጨቃጨቅም።

እንግዲህ የዚህ ሥራ ምሬት አብዛኛው እንዲህ ነው። ክርክሩ ማሽኑ ከተከፈተ በኋላ ይመጣል፣ መነገር የነበረበት ግን ከመከፈቱ በፊት ነው። ይሄን የተማርኩት በላጲሷ ብቻ ቢሆን እድለኛ ነበርኩ።

በሁለተኛው ዓመቴ ይመስለኛል አንዲት እናት ላፕቶፕ አመጡ። ዊንዶውሱ አልነሳ ብሏል። «ፎርማት ይሁን ልጄ፣ ሲ ላይ ምንም የለኝም» አሉ። አመንኳቸው። ፎርማት አደረግኩ፣ ማለትም ዲስኩ ላይ ያለውን አጥፍቼ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ጫንኩ። ሲመጡ «የልጄ የሰርግ ፎቶ የታለ?» አሉኝ። የት ነበር? «ዴስክቶፕ ላይ፣ እዚህች ጋ» ብለው ስክሪኑን በጣታቸው ነኩት። ዴስክቶፕ ላይ ያለ ነገር ሲ ድራይቭ ውስጥ እንደሆነ እሳቸው ከየት ያውቃሉ? ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ሁለት ሌሊት በሪከቨሪ ሶፍትዌር ስቆፍር አድሬ ከፊሉን አወጣሁ። ግማሾቹ ፎቶዎች ከወገብ በታች ግራጫ ነበሩ። እሳቸው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ አሁን «ፎርማት አድርግልኝ» የሚል ሰው ሲመጣ አላምነውም። ዴስክቶፕ፣ ዶክመንት፣ ዳውንሎድ፣ ሁሉንም ወደ ራሴ ኤክስተርናል (ከውጭ የሚሰካ) ዲስክ ገልብጬ ነው የምጀምረው። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ደግሞ ወዲያው አጠፋዋለሁ። እንዲህ ያለውን ዲስክ ደጋግሞ እያስነሱ መሞከር የቀረውን መግደል ነው። ደንበኛው ግን እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት ሃያ ጊዜ አስነስቶታል፣ የጎረቤት ልጅም ሞክሮበታል። ለባክአፕ፣ ማለትም ለመጠባበቂያ ቅጂ፣ ዲስክ እንዲገዙ የምመክራቸው ያኔ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ፎርማት ካነሳን፣ የአማርኛ ፊደል ጉዳይ አለ። ጸሐፊዎችና የሕግ ቢሮዎች ዘንድ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የድሮ ፊደሎች የተጻፈ ሺህ ዶክመንት አለ። እነዚያ ፊደሎች ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተር ሁሉ የሚጋራው የፊደል ኮድ፣ አይደሉም። አዲስ ዊንዶውስ ጭነህ ፊደሉን ሳትመልስ ብታስረክብ፣ የአሥር ዓመት ውል ሁሉ የፈረንጅ ሆሄና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይከፈታል። ከዚያ «ፋይሌን አበላሸው» ተብለህ ሰፈሩን ታዳርሳለህ። ፎርማት ከማድረግህ በፊት የፎንት ፎልደሩን ገልብጥ። ይቺን ምክር በነፃ ወስደሃል።

አሁን በጣም ወደምወዳት ታሪክ ልምጣ። በ2017 ክረምት ከአንድ ቢሮ ተደወለልኝ። «ኢንተርኔቱ ሞቷል፣ አንድም ድረ ገጽ አይከፍትም» አሉ። ሄድኩ። ዋይፋዩ ይሠራል፣ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ይከፍታሉ፣ የጸሐፊዋ ብቻ «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» ዓይነት ነገር እያለ እምቢ ይላል። ግማሽ ሰዓት ለፋሁ። ኬብል ቀየርኩ፣ ብራውዘር አጠፋሁ ጫንኩ። በመጨረሻ ዓይኔ ወደ ታች ቀኝ ጥግ ሄደ። 2017 ይላል። ሰዓቱም ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ በኛ አቆጣጠር! ጸሐፊዋ ቁጭ ብላ በኢትዮጵያ ካሌንደር አስተካክላዋለች።

ምን እንደሆነ ላላወቀ፦ ድረ ገጾች እንደ መታወቂያ ያለ ሰርተፊኬት አላቸው፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል የሚል። ፈረንጁ 2025 ላይ ሲሆን ኮምፒውተሩ 2017 ላይ ነኝ ካለ፣ ለሱ ያ መታወቂያ ገና አልተሰጠም። ስለዚህ አያስገባም። ቀኑን አስተካከልኩ፣ ሁሉም ተከፈተ፣ ሂሳቤን ይዤ ሄድኩ። በማግስቱ ጠዋት ስልክ ጮኸ። «ትናንት የሠራኸው ተመልሶ ተበላሸ!» ስደርስ እንደገና 2017። «ተሳስቶ አገኘሁት፣ አስተካከልኩት» አለችኝ እህቴ፣ በቅንነት። በማርከር «የኮምፒውተሩ ቀን የፈረንጅ ነው። አይነካ» ብዬ ጽፌ ስክሪኑ ላይ ለጠፍኩላት። ለሁለተኛው ጉዞ አላስከፈልኩም። እስካሁን ይቆጨኛል፣ የታክሲው ሂሳብ ከራሴ ኪስ ነበር።

(ቀኑን ማንም ሳይነካው በየጠዋቱ የሚዛባ ከሆነ ግን እናት ቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ፣ ሲአር 2032፣ አልቃለች ማለት ነው። ቦርሳህ ውስጥ አምስት ስድስት ይኑርህ።)

መብራት ደግሞ አለ። መብራት ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው ሥራ የሚመጣልኝ። ሲመለስ ኃይሉ ይዋዥቃል፣ ፓወር ሰፕላዩ ይሄዳል፣ አንዳንዴ እናት ቦርዱን ይዞ ይሄዳል። «ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ሣጥን) የለህም?» ስል «አለኝ» ይላሉ። ሄጄ አየዋለሁ። ባትሪው ከሞተ ዓመታት አልፎታል። ዩፒኤሱ የዲቫይደር ሥራ ነው የሚሠራው፤ የቡና ማፍያ ምድጃም ተሰክቶበት አግኝቻለሁ። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ ብዬ ያልነገርኩት ሰው የለም። የሚሰማ የለም።

ከዚያ ደግሞ «አንተ ከነካኸው ወዲህ» ትመጣለች። የካቲት ላይ ኪቦርድ ቀይሬለት፣ ሰኔ ላይ መብራት ሲያቃጥለው፣ «አንተ ከነካኸው ወዲህ እኮ ነው» ይለኛል። ይሄ በዚህ ሥራ ያለህ ዕድሜ ልክ የምትሰማው ዓረፍተ ነገር ነው።

የባሰው ጥርጣሬው ነው። አንድ ደንበኛ ነበር፣ ላፕቶፑን ስፈታ ከጎኔ ተነስቶ አያውቅም። ወንበር ስሰጠው ቆሞ ያያል። ውኃ ሊጠጣ እንኳ አይወጣም። አንድ ቀን ተናደድኩና «ምን ልወስድብህ ነው?» አልኩት። ቀስ ብሎ ነገረኝ። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ለጥገና ሰጥቶ 8 ጊጋ ራም የነበረው 4 ሆኖ ተመልሶለታል። ያወቀውም ከስድስት ወር በኋላ ነው። ምን ትለዋለህ? እውነቱን ነው። እኛው ነን ያበላሸነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁለት ቅጂ የሚቆረጥ የመቀበያ ወረቀት አሳተምኩ። ማሽኑ ምን እንደሆነ፣ ራምና ዲስኩ ስንት እንደሆነ፣ ሲሪያል ቁጥሩ፣ ፎርማት ይደረግ ወይ አይደረግ፣ ቻርጀር አብሮ መጥቷል ወይ አልመጣም። ቻርጀሯን እንዳትረሳት! ሳይመጣ የቀረ ቻርጀር ስንት ጊዜ አስከፍሎኛል። ደንበኛው ፊት እንሞላለን፣ ይፈርማል፣ ዕቃውን ባለቤቱ እያየ በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። ጊዜ ይወስዳል። ያ ቆሞ የሚያይ ሰውዬ አሁን ማሽኑን ጥሎልኝ ይሄዳል፣ ሰውም ይልክልኛል።

ዘመድን በአጭሩ ልለፈው፣ ብዙ ብናገር ይህን የሚያነቡ አሉ። እሁድ ምሳ ላይ «አንዴ እስቲ እቺን እያት» ይባላል። ክፍያው ቡና ነው። እኔ ለእናቴ፣ ለአባቴና ለእህቶቼ በነፃ እሠራለሁ። ከዚያ ውጭ ያለው ዘመድ «ሱቅ አምጡት» ነው የምለው። ሁለት ሰው አኩርፎኛል፤ አንደኛው ኮምፒውተሩ ሲበላሽ ታረቀኝ።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ አዲስ ራስ ምታት መጥቷል። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ላይ ነፃ ድጋፉ፣ ማለትም የደህንነት ማሻሻያው፣ አብቅቷል። ሰው ሰምቶ «ወደ 11 ቀይርልኝ» እያለ አራተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ያለው ላፕቶፕ ይዞ ይመጣል። ዊንዶውስ 11 በኢንቴል በኩል ከስምንተኛ ትውልድ በታች አይቀበልም፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕም ይፈልጋል። አታሎ የማስገባት ዘዴ እንዳለ አውቃለሁ። ለደንበኛ ግን አልሠራውም፣ ነገ ማሻሻያ እምቢ ሲል «አንተ ከነካኸው ወዲህ» ሊባል ነዋ።

ከአሜሪካ በዘመድ የተላከ ላፕቶፕ ሲመጣም ተጠንቀቅ። አንድ ጊዜ ባዮሱን (ማሽኑን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) አፕዴት አደረግኩና ማሽኑ ሲነሳ የ48 አሃዝ ቢትሎከር ቁልፍ ጠየቀኝ፤ ቢትሎከር ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ቁልፉ ያለው ላኪው የአጎት ልጅ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው፣ ሰውየው ደግሞ ዋሽንግተን ተኝቷል። እዚያ እስኪነጋ ጠብቀን 48ቱን ቁጥር በስልክ አንድ በአንድ ነገረን። አንዱን ሁለት ጊዜ ተሳስተናል። አሁን ምንም ከመንካቴ በፊት ማሽኑ መቆለፉን አያለሁ፣ ቁልፉ በማን አካውንት እንዳለም እጠይቃለሁ።

ፕሪንተር ላይ የምለው የለኝም። አምላክ ይሰውርህ። ወረቀት ሲነክስ፣ ኔትወርክ ላይ ሲጠፋ፣ ቀለም እያለው የለኝም ሲል ግማሽ ቀኔን ይበላል። ደንበኛው ግን «ፕሪንተር ብቻ እኮ ነው» ይላል።

ልልቀቅ ወይ ላልከው፣ አሁን አትልቀቅ። ቅዳሜና እሁድ ጀምር። ጥሩ የመፍቻ ስብስብ፣ አንድ ኤክስተርናል ዲስክ፣ እነዚያን ባትሪዎች ግዛ፣ ወረቀቱን አሳትም። ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የተከፈተ፣ ዊንዶውስ እየጫንክ መጥፎ ስም አታውጣ፤ መክፈቻው ፕሮግራም ራሱ ቫይረስ ይዞ ይመጣል፣ ያኔ ደግሞ ጥፋተኛው አንተ ነህ። የመሥሪያ ቤት ሥራ የምትፈልግ ከሆነ ንግድ ፈቃድና ደረሰኝ ግድ ነው፣ ያለዚያ ሠርተህ ክፍያው ፋይናንስ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። ደረሰኝ ቆርጠህም ወር ትጠብቃለህ፣ ስለዚህ የሦስት ወር የቤት ኪራይ ሳትይዝ የመልቀቂያ ደብዳቤህን አታስገባ። የግብሩን ነገር ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ይመልስልህ።

እኔ ልነሳ፣ በር ላይ ሰው ቆሟል። ፕሪንተር ተሸክሟል።