ቀብድ የከፈለኝ ሊስትሮ

ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር የጎረቤታችን ልጅ ባለፈው እሁድ ቡና ላይ መጣ። «ጋሼ፣ ከጓደኞቼ ጋር የሞባይል ጌም እየሠራን ነው። ለማለቅ ስድስት ወር ይቀረዋል። ከአሁኑ ለሚከፍሉን ጌሙ ውስጥ የሚለበስ ልዩ ማሊያ ብንሰጥ ነውር አለው?» አለኝ። ዝም አልኩ። ያልገባኝ መስሎት እንደገና ያስረዳኝ ጀመር። ገብቶኛል። ሌላ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጌም ቤት ነበረኝ። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን 2። አዲሱ የኳስ ጌም አዲስ አበባ ገባ ሲባል ልጆቹ መቀመጫ አሳጡኝ። እኔም «10 ብር ቀብድ የከፈለ፣ ሲዲው ሲመጣ ቀድሞ ይጫወታል፤ ሦስት ጨዋታም በነጻ» አልኩ። 14 ልጆች ከፈሉ።

አንዱ ሊስትሮ ነበር። ብሩን በፌስታል ቋጥሮ አመጣው። ሁሉም ስሙኒ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ አራት አራት እያደረገ ደረደረው፤ አስር ክምር። ጥፍሮቹ ውስጥ የጫማ ቀለም ገብቷል። የመጨረሻዋን ክምር ሁለቴ ቆጠራት።

ሲዲው በሦስተኛው ሳምንት በአውቶቡስ መጣ። በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለው ሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ጥሎ አውቶቡሱ አምሽቶ ነበር። ያኔ የነበረው ጉም! አጠገብህ የቆመውን ሰው አያሳይህም። በማግስቱ ሊስትሮው ተራውን ይዞ ተቀመጠ። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ስክሪኑ ቀጥ አለ። አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ሲዲውን በሸሚዜ ጠረግኩ። እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ቀጥ። ልጁ ጆይስቲኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠና አየኝ። «ታገሡ፣ ሌላ ይመጣል» አልኩ። እንደማይመጣ አውቃለሁ። ብራቸውን ለቤት ኪራይ ከፍዬዋለሁ።

ሌሎቹ ጮኹብኝ፤ በሌላ ጌም አካካስኳቸው። እሱ አልጮኸም። ተመልሶም አልመጣም። ከወራት በኋላ ሸዋ በር ላይ ሳየው መንገድ ተሻግሬ አለፍኩ። የሚቆጨኝ ከሲዲው ይልቅ ያ መሻገሬ ነው።

ትልልቆቹ የጌም ኩባንያዎችም ይህንኑ ይሠራሉ። «ሳይበርፐንክ 2077» የሚባለው ጌም እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ሲወጣ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰው ቀድሞ ከፍሎ ነበር። በፕሌይስቴሽን 4 ላይ እንዴት እንደሚሠራ ግን አስቀድመው በቅጡ አላሳዩም። ሲከፈት ይንቀራፈፋል፣ ይዘጋል። የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ በሳምንቱ ከኢንተርኔት መደብሩ አውርዶ ገንዘብ መመለስ ጀመረ። ድሮ ሲዲ ከሱቅ ያልቅ ስለነበር ቀድሞ መክፈል ትርጉም ነበረው። ከኢንተርኔት የሚወርድ ጌም ያልቃል እንዴ? እንግዲህ ማሊያው የሚሰጠው ገዢው አይቶ እንዳይወስን ነው። ላም አለኝ በሰማይ ይሉሃል ይሄ ነው።

የዛሬ ልጆች ደግሞ መጠበቅ አትወዱም። ኩባንያዎቹ ይህን ያውቃሉ። እርግጥ የእኔዎቹ 14 ልጆችም አልጠበቁም።

ልጁ «ልብስ ሰፊስ ቀብድ ይቀበል የለ?» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም በጥገና ሥራዬ ያለ ቀብድ ጠግኜ አላውቅም። ግን ልብስ ሰፊው የሰፋውን ኮት ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ያሳይሃል፤ በቀብዱም ጨርቅ ይገዛበታል።

«ጌማችሁን መጀመሪያ እናትህ በምትይዘው አሮጌ ስልክ ላይ አስኪዱት» አልኩት። «ያልጨረሳችሁትንም ሳትደብቁ ለሰው አሳዩ። ብሩን ጌሙ እስኪወጣ አትንኩት፤ መልሱልኝ ያለ ካለ በዚያው ቀን መልሱለት። ከዚያ ና፣ የመጀመሪያውን ቀብድ እኔ እከፍላለሁ። ማሊያው ይቅርብኝ።»