ኦርደሩ የሐኪሙ ቢሆንም እጁ የእኛ ነው፦ ስለ ነርስ ሥነ ምግባርና ሕግ ጥያቄና መልስ

በነርስነት ረጅም ዓመት ዋርድ ውስጥ ሠርቻለሁ። አሁን አዲስ ነርሶችን አሠለጥናለሁ። ስለ ሙያችን ሥነ ምግባርና ሕግ የከበዳችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከጠበቅሁት በላይ ጥያቄ ደረሰኝ። የየአገሩ ሕግ በዝርዝሩ ይለያያል። ስለዚህ የምትሠሩበትን አገር የሙያ ደንብና የተቋማችሁን መመሪያ ማንበብ አይቀርላችሁም። እኔ የማወራው የትም ብትሠሩ ስለሚያጋጥማችሁ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ሕግ ካልጣስኩ ሥነ ምግባር ጥሰሻል የምባለው በምን ምክንያት ነው? ሁለቱ አንድ አይደሉም እንዴ?

ይገናኛሉ፤ አንድ ግን አይደሉም። ሕግ ከዚህ በታች እንዳትወርጂ የተሰመረ መስመር ነው። ከመስመሩ በላይ ብዙ ነገር አለ። ለምሳሌ የታካሚን ገላ ስታጥቢ መጋረጃውን ሳትስቢ ብትቀሪ ማንም ላይከስሽ ይችላል። ታካሚዋ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ዓይኗን ጨፍና እስክትጨርሺ ትጠብቃለች። ይህ ጉዳት ነው፤ ፍርድ ቤት ባይደርስም ጉዳት ነው።

የዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት የሥነ ምግባር ደንብ ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። በየጊዜው ሲሻሻል ቆይቶ በ2021ም ታድሷል። የነርስ ተቀዳሚ ሙያዊ ኃላፊነት እንክብካቤ ለሚሹ ሰዎች እንደሆነ ይናገራል። ለሐኪሙ ወይም ለአለቃ አላለም። ከዚህ በታች ለምትጠይቁኝ ለአብዛኛው ነገር መልሱ የሚመጣው ከዚች ሐሳብ ነው።

ጥያቄ፦ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ሰጥቼ ታካሚው ቢጎዳ ተጠያቂው እኔ ነኝ ወይስ ሐኪሙ?

ሁለታችሁም ልትጠየቁ ትችላላችሁ። «ታዝዤ ነው» ማለት ብቻውን አያድንም። ነርስ የተማረች ባለሙያ ናት። መጠኑ፣ የሚሰጥበት መንገድ፣ ሰዓቱ፣ የታካሚው አለርጂ ልክ መሆኑን ማየት የሥራዋ አካል ነው። ፍርድ ቤት የሚጠይቀው «በዚህ ደረጃ የሠለጠነች ጠንቃቃ ነርስ ይህን ኦርደር ብታይ ትጠራጠር ነበር ወይ?» ብሎ ነው።

አንድ ነገር በቅርበት ላሳያችሁ። ኢንሱሊን ሲታዘዝ «ዩኒት» የሚለውን ቃል አሳጥረው በአንዲት የላቲን ፊደል የሚጽፉ አሉ። ያቺ ፊደል በችኮላ ስትጻፍ አፏ ይገጥምና ዜሮ ትመስላለች። 4 ዩኒት የተባለው 40 ሆኖ ይነበባል። አሥር እጥፍ ማለት ነው። እንዲሁም 1.0 ተብሎ ሲጻፍ ነጥቧ ካልታየች 10 ይሆናል። ለዚህ ነው «ዩኒት» ሙሉ ቃሉ ይጻፍ፣ ከሙሉ ቁጥር በኋላ ነጥብና ዜሮ አይቀጠል የሚባለው። መርፌው ውስጥ የቀዳሽው መጠን ለዓይንሽ በዝቶ ከታየሽ አቁሚና ደውዪ። ሐኪሙ ቢቆጣም ደውዪ። ቁጣው በአምስት ደቂቃ ያልፋል።

ጥያቄ፦ በስልክ የታዘዘ ኦርደር መቀበል ይቻላል?

በአስቸኳይ ጊዜ፣ ተቋሙ ከፈቀደ አዎ። እየሰማሽ ጻፊው፤ ከዚያ የጻፍሽውን አንብቢለትና ትክክል መሆኑን ያረጋግጥ። 15 እና 50 በእንግሊዝኛ ሲነገሩ በስልክ ይምታታሉ፤ «አንድ አምስት» እያልሽ ቁጥሩን ነጥለሽ ጥሪ። ሰዓቱንና የሐኪሙን ስም መዝግቢ፣ ሲመጣም ይፈርም።

ጥያቄ፦ ታካሚዬ ሲብስበት ተረኛውን ሐኪም ሦስት ጊዜ ጠራሁ፣ አልመጣም። ጠርቻለሁ ብዬ ቻርት (የታካሚው መዝገብ) ላይ ጽፌያለሁ። ይበቃል?

ወንድሜ፣ አይበቃም። ይህን ጥያቄ ስለላክህልኝ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ነርስ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1960 የሆነውን ልንገርህ። አንድ የ18 ዓመት ወጣት የአሜሪካ እግር ኳስ ሲጫወት እግሩ ተሰበረ። ሆስፒታል ወስደው ጀሶ አደረጉለት። ብዙም ሳይቆይ ከባድ ሕመም ጀመረው። የእግሩ ጣቶች አበጡ፣ ጠቆሩ፣ ቀዘቀዙ፣ በኋላም ደነዘዙ። ጀሶው የደም ዝውውሩን አንቆት ነበር። በመጨረሻ እግሩ ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ጉዳዩ እስከ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደና በ1965 ውሳኔ አገኘ። ፍርድ ቤቱ ስለ ነርሶቹም ተናግሯል። የደም ዝውውሩን በሚገባው መጠን እየደጋገሙ አልፈተሹም፤ የሠለጠነ ነርስ አደጋውን ወዲያው ማወቅ ነበረበት፤ ሐኪሙ እርምጃ ካልወሰደም ለሆስፒታሉ አስተዳደር ማሳወቅ ነበረባቸው የሚል ሐሳብ አለበት። ሆስፒታሉም ከተጠያቂነት አላመለጠም።

ስለዚህ ሦስቴ ጠርተህ ካልመጣ ቀጣዩን ጥራ፦ ኃላፊ ነርሷን፣ ሱፐርቫይዘሩን፣ ሲኒየር ሐኪሙን፣ የሆስፒታሉን አስተዳደር። እስኪመጣ ድረስ እንጂ እስኪደክምህ አይደለም። ስትደውልም «ትንሽ ደክሞታል» አትበል። የደም ግፊቱ ይህን ያህል ነበር፣ አሁን ይህን ያህል ሆኗል፤ ትንፋሹ ይህን ያህል ነው፤ ይመስለኛል እየደማ ነው፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ መጥተህ እንድታየው እፈልጋለሁ። እንዲህ ብሎ መናገር ድፍረት አይደለም። ቻርት ላይ ደግሞ የደወልክበትን ሰዓት፣ ያነጋገርከውን ሰው፣ የሰጠህን መልስ ሁሉ አስፍር።

ጥያቄ፦ የኦፕሬሽን የስምምነት ፎርም ሁልጊዜ እኔን ነው አስፈርሚ የሚሉኝ። ትክክል ነው?

ማስፈረምና ማስረዳት ይለያያሉ። ምን እንደሚደረግለት፣ ጉዳቱ፣ ጥቅሙ፣ ሌላ አማራጩ፣ ባይደረግ ምን እንደሚሆን የሚያስረዳው ሕክምናውን የሚሠራው ሐኪም ነው። አንቺ ምስክር ሆነሽ ስትፈርሚ የምታረጋግጪው ታካሚው ራሱ፣ በፈቃዱ፣ አእምሮው ልክ ሆኖ መፈረሙን ነው።

ከመፈረሙ በፊት አንዲት ጥያቄ ጠይቂው፦ «ነገ ምን እንደሚሠሩልዎት በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ።» «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እነሱ ያውቃሉ» ካለሽ ብዕሩን መልሰሽ ሐኪሙን ጥሪ። ማደንዘዣ ወይም የሚያፈዝ መድኃኒት ከወሰደ በኋላ ደግሞ አታስፈርሚ። ሕይወቱ አደጋ ላይ ሆኖ፣ ራሱን ስቶ፣ የሚፈቅድለት ሰው በሌለበት ጊዜ ግን ሕይወት ማዳን እንደሚቀድም በብዙ አገር ሕግ የታወቀ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ታካሚ «መርፌውን አልፈልግም» አለኝ። ለራሱ ስለሚጠቅመው ይዘን ሰጠነው። ጥፋት ነው?

አዎ፣ ጥፋት ነው። ቢያማችሁም ማለት ያለብኝን ልበል። አእምሮው ልክ የሆነ አዋቂ ሰው እምቢ የማለት መብት አለው፤ ውሳኔው ለእኛ ስህተት ቢመስለንም። ይዞ መውጋት በብዙ አገር አካልን እንደ መድፈር ይቆጠራል፤ አስባችሁለት መሆኑ ነገሩን አይለውጠውም።

ግን «እምቢ ብሏል» ብሎ ጽፎ መሄድም ሥራ አይደለም። ለምን? ፈርቶ ነው? የቀድሞው መርፌ አሞት ነው? ቁጭ ብለሽ ስትጠይቂ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሊፈታ የሚችል ነገር ሆኖ ይገኛል። ባይወስድ የሚመጣውን ንገሪው፣ ለሐኪሙ አሳውቂ፣ የነገርሽውንና የመለሰልሽን መዝግቢ። ነገ ሐሳቡን ከቀየረም በሩ ክፍት ይሁን።

ጥያቄ፦ ቤተሰቡ «ካንሰር መሆኑን አትንገሩት» ይሉናል። ታካሚው ደግሞ ሲስተር ምንድን ነው ያመመኝ ይለኛል። ምን ልበል?

ይህ ከሁሉ የሚከብደኝ ነው። ቤተሰቡ የሚያደርገው ከፍቅር ነው፤ እንደ ጠላት አትዪያቸው። መረጃው ግን የታካሚው ነው። ምርመራውን መጀመሪያ መንገር በአብዛኛው የሐኪሙ ድርሻ ስለሆነ አንቺ ብቻሽን አትጋፈጪው። ውሸት ግን አትንገሪ። «ምንም የለብዎትም» ካልሽ በኋላ የምትሰጪውን መድኃኒት እንኳ አያምንሽም።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ለእርስዎ ልንገር ወይስ የሚወክሉልኝ ሰው አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ለልጄ ንገሯት የሚል አለ፤ ይህም መብቱ ነው። ሁሉን ልስማ ካለ ለሐኪሙ ነግሬ ቤተሰቡ ባለበት ውይይት እንዲደረግ እገፋፋለሁ።

ጥያቄ፦ የታካሚ ፊት ሳይታይ ቁስሉን ፎቶ አንስቶ በሥራ ግሩፓችን መላክ ችግር አለው?

አለው። ንቅሳቱ፣ የአልጋ ቁጥሩ፣ ከጀርባ የሚታየው ካርድ ማንነቱን ይናገራል። አንዴ ከስልክሽ የወጣ ፎቶ አይመለስም። ለሕክምናው ካስፈለገ በታካሚው ፈቃድና በተቋሙ አሠራር ይነሳ። ሊፍት ውስጥ የሚወራውም ያው ነው፤ አጠገባችሁ የቆመው ሰው የታካሚው ወንድም ሊሆን ይችላል።

ምስጢር የማይጠበቅበት ጊዜም አለ፦ ሕፃን ላይ ጥቃት መፈጸሙ ሲጠረጠር፣ ሪፖርት የሚደረግ ተላላፊ በሽታ ሲገኝ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ፣ በሌላ ሰው ላይ ግልጽ አደጋ ሲመጣ። ያኔም ለሚመለከተው አካል፣ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚነገረው።

ጥያቄ፦ መድኃኒት አሳስቼ ሰጠሁ። ታካሚው ምንም አልሆነም፣ ማንም አላየም። ልናገር?

ተናገሪ እህቴ፣ አሁኑኑ።

እኔም ደርሶብኛል። በሥራዬ መጀመሪያ አካባቢ፣ ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተኝተው ነበር። የደም ግፊት ክኒን ይዤ ገባሁና «እርስዎ እገሌ ነዎት?» አልኩ። ጆሮአቸው የደከመው ሰውዬ «አዎ ልጄ» ብለው ዋጡት። ውጪ ወጥቼ ካርዱን ሳይ ጉልበቴ ከዳኝ። ለሐኪሙ ነገርኩት፤ በየ15 ደቂቃው ግፊታቸውን እየለካሁ አደርኩ። ለእሳቸውም ነግሬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያ ወዲህ «እገሌ ነዎት?» ብዬ አላውቅም። «ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» ነው የምለው፤ መልሱን ከእጃቸው መለያ ጋር አመሳክራለሁ።

ቅጣት ትፈሪያለሽ፣ ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ቴነሲ አንዲት ነርስ የሚያረጋጋ መድኃኒት ልትሰጥ አስባ ጡንቻን የሚያሽመደምድ መድኃኒት ሰጠችና ታካሚዋ ሞተች። የመድኃኒት ማስቀመጫ ማሽኑ ላይ የመድኃኒቱን ስም የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት ጽፋ፣ የማሽኑን ማገጃ አልፋ ነው ያወጣችው። የመድኃኒቱ ብልቃጥ ክዳን ላይ ማስጠንቀቂያ ነበረ። ስህተቷን ራሷ ተናግራለች። ያም ሆኖ ፈቃዷን ተነጠቀች፤ በ2022 በወንጀል ጥፋተኛ ተብላ የ3 ዓመት የገደብ ቅጣት ተፈረደባት። በየአገሩ ያሉ ነርሶች ይህ ስህተትን ያስደብቃል ብለው ተቃውመዋል፤ እኔም እንደነሱ አምናለሁ። ይሁንና መደበቅ ታካሚውን ያለ ክትትል ይተወዋል። በሕግ ፊትም ስህተትን ወደ ማታለል ይቀይረዋል። የክስተት ሪፖርቱን ሙዪ።

ጥያቄ፦ ያልመዘገብኩትን ኋላ ላይ ቻርቱ ላይ ባስገባ?

መጨመር ይቻላል፤ ግን ዘግይቶ የተጻፈ መሆኑን ገልጸሽ፣ የምትጽፊበትን ሰዓት አስቀምጠሽ። የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዘሽ ፈርሚ፤ አትደልዢ፣ ገጽ አትቅደጂ። ሳይለኩ ግፊት መሙላትማ የለየለት ውሸት ነው። የአሥር ታካሚ ግፊት 120/80 የሆነበት ቻርት አይቼ አውቃለሁ፤ ያን ሌሊት ማንም እንዳልተለካ ቻርቱ ራሱ ይመሰክራል።

ጥያቄ፦ ብቻዬን ዋርድ ሙሉ ታካሚ ተሰጠኝ። ጥዬ ብሄድስ?

ርክክብ ከመፈጸምሽ በፊት ከሆነ ሁኔታው አደገኛ መሆኑን ተናገሪ፣ በጽሑፍም አስገቢ፣ ቅጂውን ያዢ። ከተረከብሽ በኋላ ተተኪ ሳይመጣ መሄድ ታካሚን ጥሎ መሄድ ነው፤ ፈቃድ ሊያሳጣሽ ይችላል። በጣም የታመሙትን አስቀድሚ፣ ያልተሠራውን ሳትደብቂ ለኃላፊሽ አሳውቂ። ሰው አለመመደብ የተቋሙ ጥፋት ነው፤ ማሳወቅሽ በማስረጃ መኖር አለበት።

ጥያቄ፦ ታካሚ ገንዘብ በኪሴ ሊከትብኝ ይሞክራል።

አመስግነሽ መልሺ። ከአጠገቡ ያለው፣ የሚሰጠው የሌለው ሰው እያየ ነው።

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረባዬ ለታካሚ የታዘዘ ሞርፊን (ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ) ለራሱ የሚወስድ ይመስለኛል። ጓደኛዬ ነው። ምን ላድርግ?

ያየኸውን ከጠረጠርከው ለይ። ቻርቱ ሞርፊን ተሰጥቷል ይላል፣ ታካሚው ግን ሌሊቱን በሕመም ሲያቃስት ያድራል። የሞርፊኑ ቆጠራ እሱ ተረኛ በሆነ ቁጥር ይጎድላል። ቀኑንና ሰዓቱን ይዘህ ለኃላፊህ ንገር፤ ለሌላ ባልደረባ አታውራ። ብቻውን አግኝተህ ልታስጠነቅቀው አትሞክር፤ ማስረጃ ሊጠፋ፣ እሱም ራሱን ሊጎዳ ይችላል። ሱስ በሽታ ስለሆነ የሚታከምበት መንገድ እንዲፈለግለት አብረህ ጠይቅ። ከዚያ በፊት ግን ያ ሲያቃስት ያደረው ሰው አለ፤ ዛሬ ማታ ማስታገሻውን በትክክል ማግኘቱን አንተ ራስህ ሄደህ እይ።