«ፒክ አፕ» ሲሉን ምን ማለታቸው ነው? ጥያቄና መልስ

እዚህ ዋሽንግተንና አካባቢው በሐኪም ቤትና በትምህርት ቤት አስተረጉማለሁ። ወገኖቼን የሚያስቸግራቸው ረጅሙ ቃል አይደለም፤ ረጅሙን ይጠይቃሉ ወይም ይፈልጉታል። የሚያሳስተው «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» ተብሎ የሚታለፈው አጭሩ ነው። ስለዚህ ዛሬ የእንግሊዝኛውን «ፒክ አፕ» (pick up) ብቻ ይዤ የመጣውን ጥያቄ ሁሉ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ መዝገበ ቃላት ብከፍት ፍቺው ገጽ ሞላ። ሁሉንም ልሸምድደው?

መልስ፦ አይሸምድዱት። አንድ ሥዕል ይያዙ፦ የሆነ ነገር ካለበት ተነስቶ ወደ ሰው እጅ ይገባል። ወለል ላይ የወደቀ ቁልፍም፣ ከሱቅ የሚገዛ ወተትም፣ ከሰው የሚጋባ ጉንፋንም በዚህ ሥዕል ውስጥ ናቸው። ከዚያ አጠገቡ ያለውን ስም ይዩ፤ ፍቺውን የሚወስነው እሱ ነው። ልጅ ከሆነ ሄዶ መውሰድ፣ ስልክ ከሆነ ማንሳት፣ የምግብ ቤት ሂሳብ ከሆነ መክፈል። የእኛም «አነሳ» እንዲሁ ነው። ዕቃ እናነሳለን፣ ፎቶ እናነሳለን፣ ጥያቄ እናነሳለን፣ የሰው ስም እናነሳለን፤ አንዱ ከሌላው ተምታቶብን አያውቅም።

ጥያቄ፦ ስልክ ሲሆንስ ለምን በሁለቱም ቋንቋ «ማንሳት» ሆነ?

መልስ፦ የድሮው ስልክ እጀታው ከማረፊያው ካልተነሳ አያናግርም ነበራ። ዛሬ ጣት ብናንሸራትትም ቃሉ አልተለወጠም። ስንጨርስ ግን መንገዳችን ይለያያል፤ እኛ «ዘጋሁት» ስንል እነሱ «ሃንግ አፕ» ይላሉ፣ ሰቀልኩት እንደማለት። እጀታው ግድግዳ ላይ ባለ ማንጠልጠያ ይሰቀል ነበርና።

ጥያቄ፦ እናቴ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ከፋርማሲ «ሬዲ ፎር ፒክ አፕ» የሚል መልእክት መጥቶላታል። መድኃኒቱን ይልኩላታል ማለት ነው?

መልስ፦ አይልኩላትም እህቴ። «ተዘጋጅቷል፣ መጥተው ይውሰዱ» ማለት ነው። ቤት ድረስ የሚመጣው «ዴሊቨሪ» ነው።

ይሄንን ረዘም አድርጌ ልመልስ። አንድ ጊዜ ለአንዲት የደም ግፊት ላለባቸው እናት ሳስተረጉም ሐኪሙ ግፊቱ ለምን እንደወጣ ግራ ገባው። እሳቸው ከነጠላቸው ጫፍ ስልካቸውን ፈተው አውጥተው ይሄንኑ መልእክት አሳዩኝ። «ያመጡልኛል ብዬ በር በሩን እያየሁ ነው» አሉኝ። ዘጠኝ ቀን ሆኗቸው ነበር፣ ያለ መድኃኒት። ፋርማሲዎች ደግሞ ወሳጅ ያጣውን መድኃኒት ከተወሰኑ ቀናት በኋላ ወደ መደርደሪያ ይመልሱታል። እባክሽ «ፒክ አፕ ማለት ሄጄ ልውሰድ» ብለሽ በትልልቅ ፊደል ጻፊና ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፊላት።

ጥያቄ፦ ቡና መልቀም «ፒክ አፕ ኮፊ» ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ «አፕ» ይቀራል። ጅማ ወይም ይርጋጨፌ ያለ ገበሬ ቀዩን ፍሬ ከዛፉ ሲለቅም «ፒክ» ነው። «አፕ» ሲጨመር መሬት የረገፈውን ማንሳት ወይም ከካፌ ገዝቶ መምጣት ይሆናል። በጣም የምወደው ልዩነት ነው፤ አንዲት ትንሽ ቃል ማሳውን ካፌ ታደርገዋለች።

ጥያቄ፦ አለቃዬ «ፒክ አፕ ዘ ፔስ» አለኝ። ተቆጥቶ ነው?

መልስ፦ «ፈጠን በል» ብሎሃል። ቁጣ መኖሩን ከድምፁ እወቅ። ገበያ «ፒክ አፕ» ሲያደርግ ደራ፣ ነፋስ ሲሆን በረታ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ ፈተና «ፒክ አፕ»ን በሌላ ቃል ተካ ብባል በምን ልተካው?

መልስ፦ እንደ ቦታው ነው። ሰው ወይም ዕቃ ለመውሰድ «ኮሌክት» (እንግሊዞች ልጅንም ከትምህርት ቤት «ኮሌክት» ያደርጋሉ)፣ ለስልክ «አንሰር»፣ ለመሻሻል «ኢምፕሩቭ»፣ መሣሪያ ምልክት ሲይዝ «ዲቴክት»። ቋንቋ ላይ ግን ጠንቀቅ በል፤ «ለርን» (መማር) ሙሉ በሙሉ አይተካውም። ቤይሩት ሰው ቤት እየሠራች ያለ አስተማሪ አረብኛ የለመደች እህት «ፒክድ አፕ አረቢክ» ትባላለች። በእኛ «ቃረመች» ብንል ይቀርበዋል፤ ከሰው አፍ፣ ከገበያ፣ ከቴሌቪዥን ለቃቅማ።

ጥያቄ፦ «ሂ ፒክድ ሀር አፕ» ሲሉ ጓደኞቼ ሳቁ። ለምን?

መልስ፦ ሁለት ፍቺ ስላለው። በመኪና ወሰዳት፣ ወይም በወጣቱ አነጋገር ጠበሳት። ፖሊስ ከሆነ ደግሞ ያዛት ነው።

ጥያቄ፦ «ፒክ አፕ ኢት» ብል ስህተት ነው?

መልስ፦ አዎ። «ኢት»፣ «ሂም»፣ «ሀር» ሲሆኑ መሐል ይገባሉ፦ «ፒክ ኢት አፕ»። እንደ «ቁልፍ» ያለ የነገር ስም ከሆነ ግን ከኋላም ከመሐልም ይሄዳል። አነጋገሩም ይለያል፤ ድርጊቱ ሲሆን «አፕ» ላይ ድምፅዎን ይጫኑ፣ አገር ቤት ደብል ጋቢና የምንለው መኪና ሲሆን ግን «ፒክ» ላይ ይጫኑ።

ጥያቄ፦ እኔ ብቻ ነኝ በዚህ የምቸገረው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ፣ ግስ ከእንዲህ ያለ ትንሽ ቃል ጋር ሲጣመር ለውጭ አገር ሰው ትልቁ ችግር እንደሚሆን ጽፏል።

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመጣ «ዘይ ፒክ ኦን ሚ» ይለኛል። «ፒክ» መምረጥ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ልክ ነኝ?

መልስ፦ አይደሉም አባቴ፤ ይሄ ሌላ ነው። «ፒክ ኦን» ማለት አንዱን ለይቶ ማጥቃት፣ ማሾፍ፣ ማስቸገር ነው። ልጅዎ እየነገረዎት ያለው ጭንቀቱን ነው። ዛሬ ማታ አጠገብዎ አስቀምጠው እነማን እንደሆኑ፣ የት እንደሚያገኙት ይጠይቁት። ነገ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሄደው አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለወላጅ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ልጁን ራሱን ግን አያስተርጉሙት።