ስቲሉን ያጠፋሁበት ሌሊት፦ አልበም ራሳችሁ ለምትሠሩ ልጆች

ባለፈው አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ ካንትሪ ሮክ አልበም መኝታ ክፍሌ ውስጥ ራሴ እየሠራሁ ነው፣ ጊታርና ቤዝ አለኝ፣ ድራሙን ጓደኛዬ ይመታልኛል፣ ፔዳል ስቲሉን ግን በፕላጊን ብሠራው ያስታውቃል ወይ?» ነው ያለችኝ። ፔዳል ስቲል ተጋድሞ በብረት ዘንግና በፔዳል የሚጫወቱት የጊታር ዓይነት ነው፣ ፕላጊን ደሞ የመሣሪያ ድምፅ ከኮምፒውተር የሚያወጣ ፕሮግራም። ጥያቄው ቀላል ነው፣ በሁለት መስመር ይመለሳል። ግን ልመልስላት ተቀምጬ ብዙ ሰዓት ምንም ሳልጽፍ ቆየሁ፣ ምክንያቱም ፔዳል ስቲል የሚለውን ቃል ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ አንድ ሰውና አንድ ካሴት ነው። እና ለሷ ብቻ ልጽፈው የነበረውን ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

ያኔ ወጣት ነን። ባለ 4 ትራክ ካሴት መቅረጫ፣ ማለትም አራት ድምፅ ለየብቻ የምትቀዳ፣ ነበረችኝ። ለማታውቋት፣ የምትጎርሰው ተራ ካሴት ነው፣ ግን ቴፑን በእጥፍ ፍጥነት ነው የምታሽከረክረው፣ ሁለቱንም ገጽ ደሞ ባንዴ ትጠቀማለች፣ ስለዚህ የ60 ደቂቃው ካሴት 15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚይዝላችሁ። ታስካም የሚባለው ኩባንያ የዚህ ዓይነቷን የመጀመሪያ መቅረጫ፣ ፖርታስቱዲዮ 144ን፣ ያወጣው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዛ በፊት ቤቱ ቁጭ ብሎ ትራክ በትራክ መቅዳት ለተራ ሰው ከባድ ነበር። የኔ እንዲህ ነበር የተከፋፈለው፦ አንደኛው ትራክ ላይ ድራምና ቤዝ ተቀላቅለው፣ ሁለተኛው ላይ አኮስቲክ ጊታር፣ ሦስተኛው ላይ ስቲል፣ አራተኛው ላይ ድምፄ። አለቀ። አምስተኛ ነገር ካማራችሁ ወይ ሦስቱን አንድ ላይ ጨምቃችሁ ወደ አንድ ትራክ ትገለብጣላችሁ፣ ወይ አንዱን አጥፍታችሁ በላዩ ትቀዳላችሁ። ስትገለብጡ ደሞ ያ ሽሽ የሚለው የቴፕ ድምፅ ይጨምራል፣ እኔ ደሞ ያንን ድምፅ እንደ ጠላት ነበር የማየው።

ስቲሉን የሚጫወተው ጓደኛዬ ዝምተኛ ሰው ነው። መሣሪያውን አይታችሁት የማታውቁ ካላችሁ፣ ጠረጴዛ የሚመስል ነገር ነው፣ 10 ክር፣ ከታች ሦስት ፔዳል፣ ጉልበት የሚገፋቸው ማንሻዎች፣ ቀኝ እግር ደሞ የድምፅ መጠን ፔዳሉ ላይ ነው። ግራ እጅ ላይ የብረት ዘንግ ይዞ ክሩ ላይ ያንሸራትታል። ፍሬት የሚባል የሚያቆመው ነገር የለም፣ ያሉት የተሳሉ መስመሮች ናቸው፣ ኖታው የት እንደሚቆም የሚወስነው ጆሮ ነው። እሱ ሲቃኝ አንገቱን ደፍቶ፣ ጆሮውን ወደ ክሮቹ አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። እኔ ያኔ መርፌ ያለው ቱነር፣ ቅኝት የሚለካ መሣሪያ፣ ገዝቻለሁ፣ በጣም እኮራበት ነበር፣ እሱ ግን ዞር ብሎም አላየው።

አንድ ዘፈን ቀዳን። ዝግ ያለ ዘፈን ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫወተው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስገባ ከድምፄ ኋላ ቀረት ብሎ ገባና እኔ ትንፋሽ የምወስድባት ክፍተት ውስጥ አንድ ነገር አደረገ፣ ቃል ይመስል ነበር። ሲጨርስ ምንም አላለም፣ ኬብሉን ጠቅልሎ ሄደ። (ኬብል አጠቃለል ያስተማረኝም እሱ ነው። አንዱን ዙር በላይ፣ ቀጣዩን በታች። ሰው ክርን ላይ እየጠመዘዘ ሲጠቀልል ካየሁ እስካሁን ሄጄ ነው የምቀማው።)

ማታ ብቻዬን ስሆን ሦስተኛውን ትራክ ወደ ቱነሩ ሰካሁት። ለምን እንዳደረኩት አላውቅም፣ ጆሮዬ ምንም አላለኝም ነበር እኮ። መርፌው የኮርዱ (አብረው የሚሰሙት ኖታዎች) ሦስተኛ ኖታ፣ ዶ ሬ ሚ ብላችሁ ስትቆጥሩ ሚ የሚሆነው፣ ላይ በደረሰ ቁጥር ወደ ግራ ይወድቃል። ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ተመልሼ አየሁ፣ ያው ነው። በነጋታው ሲመጣ ነገርኩት። «ኮርዱን ስማው» አለኝ፣ ያቺን ብቻ። እኔ መርፌ አይዋሽም አልኩት። ተከራከርኩት፣ ድምፄንም ከፍ አደረኩ መሰለኝ። እሺ ብሎ ሁሉንም ክር በመርፌው ቃኘና ተለማመድነው፣ የሆነ ነገር ተበላሽቷል፣ ኮርዶቹ ይርገበገባሉ፣ እሱም መሀል ላይ እጁን አነሳ። «ሌላ ቀን» ብሎ ሄደ።

ሌላ ቀን አልጠበኩም። ያን ሌሊት ሦስተኛው ትራክ ላይ በኤሌክትሪክ ጊታር ቀዳሁበት። በደንብ የተቃኘ፣ ንጹህ፣ መርፌው መሀል ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ጊታር። ቀዩን ቁልፍ ስጫን ትንሽ እንኳ አላመነታሁም።

በሳምንቱ መጥቶ ሰማው። እስከ መጨረሻው ሰማው። «ሦስተኛው ላይ ያለው አንተ ነህ?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ጥሩ ነው» አለ። ከዛ በኋላ አብረን አልቀዳንም። አልተጣላንም እኮ፣ ሰላም እንባባላለን፣ ግን አልቀዳንም። ከዓመታት በኋላ ስቲሉን እንደሸጠው ሰማሁ።

እሱ ትክክል እንደነበረ ያወኩት ደሞ በጣም ዘግይቼ ነው። አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ተብሎ ይከፈላል። ፒያኖና ቱነር ኦክታቩን (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ) 12 እኩል ቦታ ስለሚከፍሉት ያንን ሦስተኛ ኖታ፣ ሜጀር ሦስተኛ የሚባለውን፣ ከኮርዱ መነሻ ኖታ 400 ሴንት ላይ ያስቀምጡታል። ኮርዱ ሳይርገበገብ ጸጥ ብሎ የሚቆመው ግን 386 ገደማ ላይ ነው፣ ማለትም 14 ሴንት ያህል ዝቅ ሲል። የስቲል ተጫዋቾች ሦስተኛውን አውቀው ዝቅ አድርገው የሚቃኙት ለዚህ ነው። መርፌው የነገረኝ ነገር እውነት ነው፣ ኖታው ዝቅ ብሏል፣ ዝቅ ማለት የነበረበት ስለሆነ ነው ዝቅ ያለው። ሊስተካከል ይገባው የነበረው የኔ አኮስቲክ ነው፤ ከስቲሉ ሥር ያንኑ ሦስተኛ ኖታ ሙሉ ኮርድ ይዤ እየደበደብኩ ነበር፣ ጥቂት ክር ብቻ ብነካ ኖሮ ሁለቱ አይጋጩም ነበር። ስቲል ያለበት ዘፈን ላይ ጊታር የምትመቱ፣ ይቺን ያዟት።

አሁን እናንተ ጋ ሁሉም ሰው መርፌ ሆኗል። አትቆጡኝ፣ ሥራችሁን ስለምሰማ ነው የምለው። ድራሙ ስክሪኑ ላይ መስመር ላይ እስኪቀመጥ ይጎተታል፣ ድምፁ ይቀናል፣ ትንፋሹ ይቆረጣል፣ ከዛ «ለምን ሕይወት የለውም» ተብሎ ሌላ ማይክ ይገዛል። ዘፈኑ ሳያልቅ ስለ ማይክ የሚጠይቀኝ ልጅ ብዛቱ! እርግጥ ከኛ የተሻለ ነገርም አላችሁ፣ የማይጠፋ ፋይል አላችሁ፣ እኔ ያንን ባገኝ ኖሮ ይሄን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። አሜሪካዊው ዘፋኝ ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ1982 እ.ኤ.አ. ነብራስካ የሚባለውን አልበሙን ያወጣው ቤቱ ውስጥ በባለ 4 ትራክ ካሴት ለናሙና ከቀዳው ላይ ነው፣ ዘፈኖቹን ከባንዱ ጋር ስቱዲዮ ገብቶ ሞክሯቸው ነበር፣ መጨረሻ ላይ ግን ካሴቱ አሸነፈ። እሱ ካሴቱን አስቀምጦት ነበር።

ወደ መሣሪያው ስመጣ፣ ብዙ አትግዙ። አንድ ጥሩ አኮስቲክ፣ ቤዝ፣ ድራም፣ አንድ ቴሌካስተር የሚባለው ኤሌክትሪክ ጊታር ወይም እሱን የሚመስል፣ በቃ። ቴሌካስተር ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የዚህ ሙዚቃ ምላስ ነው፣ የብሪጁ ፒክአፕ (የክሮቹን ንዝረት የሚቀበለው) ድምፁ ሹል ስለሆነ ከዘፋኙ ድምፅ ጋር ሳይጣላ ያልፋል። ብዙ አትግዙ ካልኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ግዙ ልላችሁ ነው፦ የባለ 12 ክር ጊታር ክር። ከሱ ውስጥ ቀጫጭኖቹን ወስዳችሁ ርካሽ አኮስቲክ ላይ አራቱን ወፍራም ክሮች ተኩባቸው፣ አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላሉ። ናሽቪል ቅኝት ይሉታል። ከተራው አኮስቲክ ጎን፣ አንዱን ግራ አንዱን ቀኝ አድርጋችሁ ስትሰሙት ሌላ ጊታር መጨመር ያስረሳችኋል። ባንጆና ማንዶሊን ከፈለጋችሁ አንዱን ምረጡ፣ ሁለቱም ከላይኛው ድምፅ ላይ ነው የሚቀመጡት፣ ከሲምባል ጋር ተደምረው ጆሮ ያደክማሉ።

አኮስቲክ ስትቀዱ ማይኩን ቀዳዳው ፊት አትደቅኑት፣ ቡም ቡም ብቻ ነው የምትቀዱት። አንገቱ ከሰውነቱ የሚገናኝበት አካባቢ፣ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ራቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ ከዛ ማይኩን ሳይሆን ወንበራችሁን አንቀሳቅሱ፣ ሄድፎን አድርጋችሁ ወደፊት ወደኋላ በሉ፣ ቦታዋን ጆሯችሁ ያገኛታል። አምፑ፣ የኤሌክትሪክ ጊታሩ ማጉያ፣ ላይ ኤስኤም 57 ዓይነት ዳይናሚክ ማይክ ይበቃል፣ ከስፒከሩ ኮን መሀል ትንሽ ወደ ጎን። ድራም ላይ ብዙ ማይክ ከሌላችሁ ደስ ይበላችሁ፦ ፕሮዲውሰሩ ግሊን ጆንስ የሚታወቅበትን መንገድ ሞክሩ፣ አንዱ ከስኔሩ (ከሚንሿሿው ትንሹ ከበሮ) በላይ፣ አንዱ በወለሉ ቶም (በጎን በቆመው ትልቅ ከበሮ) በኩል፣ ሁለቱም ከስኔሩ መሀል እኩል ርቀት። በዓይን አትገምቱ፣ ገመድ ወስዳችሁ ለኩ፣ የ30 ሳንቲሜትር ልዩነት ድምፁን ወደ አንድ ሺህኛ ሰከንድ ገደማ ያዘገየዋል፣ ስኔሩም ይሳሳል። ከዛ አንድ ማይክ ለባስ ድራሙ፣ በእግር ለሚመታው። ኢግልስ የሚባለውን የካንትሪ ሮክ ባንድ የመጀመሪያ አልበም በ1972 እ.ኤ.አ. ፕሮዲውስ ያደረገው ይሄው ግሊን ጆንስ ነው።

ክፍሉን በብርድ ልብስ ስለማፈን፣ ስለ መቅጃው የድምፅ መጠን ሌላ ሰው በደንብ ጽፎታል፣ አልደግመውም። የቀረው ካሴቱ ነው።

ካሴቱ አሁንም አለኝ። ያን ሌሊት ጊታሩን የቀዳሁት ዘፈኑ ከሚጀምርበት ቦታ ስለሆነ ከሱ በፊት ያለው ትንሽ ነገር አልተነካም። ድራመሩ ዱላውን ከማጋጨቱ በፊት ጓደኛዬ አንድ ኮርድ ነካ ያደርጋል፣ ቅኝቱን እየፈተሸ፣ ከዛ ፔዳሉን ሲረግጥ ቋ የሚል የብረት ድምፅ፣ ከዛ የኔ ጊታር ይገባል። አምስት ሰከንድ አይሞላም። ያ ኮርድ አይርገበገብም።

እና ልጄ፣ ጥያቄሽ። በፕላጊን ብትሠሪው ያስታውቃል፣ ኖታው ከፒያኖ ቁልፍ ላይ ስለሚመጣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድበት መንገድ የለውም፤ ኖታውን ከፍ ዝቅ በሚያደርገው ጎማ፣ በፒች ዊሉ፣ ስታንሸራትቺው ደሞ አብዛኛው ፕላጊን ሁሉንም ኖታ አንድ ላይ ይጎትተዋል፣ የስቲሉ ፔዳል ግን አንዱን ክር ከፍ ሲያደርግ ሌላው ባለበት ይቆያል። ተጫዋች ካገኘሽ ዘፈኑን ላኪለትና የፈለገውን ይቅዳልሽ፣ መጀመሪያ የላከልሽንም ቀን ጽፈሽበት ሌላ ቦታ አስቀምጪው። ካላገኘሽ ቴሌካስተርሽ ላይ በስላይድ (ጣት ላይ በሚጠለቅ ቱቦ) ሞክሪ፣ የድምፅ መጠን ቁልፉን በትንሿ ጣትሽ ከዜሮ እያነሳሽ። ሲደርስ ላኪልኝ፣ እሰማዋለሁ።