«መጽሐፍ ቅዱስ አልከለከለውም» ስለሚባለው ክኒን

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ፒያሳ ነው። ጓደኞቼ ቦሌ ክለብ ሲወጡ ኤክስታሲ የሚባል አደንዛዥ ክኒን ይወስዳሉ። «መጠጥ አይደለም፣ መጽሐፍ ቅዱስም አልከለከለውም» ይሉኛል። እኔም ወስጃለሁ። በቀደም አንዷ ሰውነቷ እንደ እሳት ነደደና ተዝለፈለፈች። ቤተሰቦቿ እንዳይሰሙ ብለን ሐኪም ቤት አልወሰድናትም፤ ጠበል ረጨናት። ተርፋለች። አጥፍተናል? መቁረብስ እችላለሁ?

መልስ፦ ልጄ፣ በመትረፏ እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪም ቤት አለመውሰዳችሁ ግን በጣም አስደንግጦኛል። ይህ ክኒን የሰውነት ሙቀት ያንራል፣ ልብን ያስሮጣል። በታፈነ ክለብ ውስጥ ሌሊቱን ሲጨፈርበት ድካሙ እንኳ አይታወቅም። ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ጡንቻና ኩላሊት ይጎዳል፣ ይገድላልም። «ውኃ ጠጪበት» እያሉ ማጥለቅለቅም አደጋ ነው፤ የደም ጨው ሲቀጥን አንጎል ያብጣል። አልኮል ሲጨመርበት ይብሳል። ለድባቴ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ጨርሶ እንዳይነካው። በዚያ ላይ በክኒኑ ውስጥ ምን እንዳለ ሻጩም አያውቅም።

ጠበሉን ማመናችሁ መልካም ነው። ግን ሐኪምንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፤ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አንብቢ። ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ ለአምቡላንስ 907 ደውሉ፣ የወሰደችውንም ሳትደብቁ ለሐኪሙ ንገሩት። ከቤተሰብ ቁጣ የጓደኛሽ ነፍስ ይበልጣል።

ስሙ በመጽሐፍ አልተጻፈም ላልሽው፣ እውነት ነው፤ ክኒኑ የተሠራው በ1912 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ግን «ሥጋችሁ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው» ብሎናል። «በእኔ ላይ ግን ምንም አይሠለጥንብኝም» ያለውም እርሱ ነው። ክኒኑን ስትወስጂ ሁሉን የወደድሽ የሚመስልሽ አንጎልሽ ሴሮቶኒን የሚባለውን ቅመም በአንዴ ስለሚያፈስሰው ነው። ከዚያ በኋላ ለቀናት ሊከፋሽ፣ ያለ ምክንያት ሊያስለቅስሽ ይችላል። ያን ጊዜ «እግዚአብሔር ተወኝ» እንዳትዪ። ሰውነትሽ የጎደለውን እየሞላ ነው፤ ጸሎትሽን አታቋርጪ።

ስለ ቁርባኑ ራስሽ አትፍረጂ። ለንስሐ አባትሽ ሁሉንም ንገሪ፤ ቀኖናውን እሳቸው ይሰጡሻል። በጾምና በስግደት ራስሽን ልቅጣ ብለሽ ግን አትጀምሪ፤ ሰውነትሽ የተጎዳ ከሆነ እሱንም ንገሪያቸው። ማቆም ካቃተሽ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ሄደሽ ሐኪም አማክሪ። ያችን ጓደኛሽንም ይዘሻት ሂጂ።