ሮቢን የት ጠፍታ ከረመች? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ስለ ስዊድናዊቷ የፖፕ ዘፋኝ ሮቢን የላካችኋቸው ጥያቄዎች ተጠራቅመዋል። ዛሬ አንድ ላይ ልመልሳቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ90ዎቹ መጨረሻ "ሾው ሚ ላቭ"ን የዘፈነች ልጅ ነበረች። ከዚያ በኋላ ድምጿ ጠፋ። ምን ሆና ነው?

ጠፋች የሚባለው ከአሜሪካ ሆኖ ለሚያያት ነው። ሮቢን በ1979 ስቶክሆልም ውስጥ ተወለደች። ወላጆቿ የቲያትር ሰዎች ናቸው። ስዊድናዊቷ ዘፋኝ ሜያ ለሥራ ሮቢን ወደምትማርበት ትምህርት ቤት ሄዳ ሮቢን ስትዘፍን ሰማቻት፤ ነገሩ ከዚያ ተጀመረ። የመጀመሪያ አልበሟ በ1995 ሲወጣ ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። በ1997 ደግሞ "ዱ ዩ ኖው" እና "ሾው ሚ ላቭ" ሁለቱም በአሜሪካው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ 7ኛ ደረጃ ድረስ ወጡ።

ግን ሩጫው ከአቅም በላይ ሆነ። በድካም ብዛት ታማ ለማገገም ወደ አገሯ ተመለሰች። በ1999 "ማይ ትሩዝ" የተባለውን ሁለተኛ አልበሟን ጨረሰች። አልበሙ ውስጥ ስለ ራሷ ጽንስ ማቋረጥ የዘፈነችው አለ። የአሜሪካው የሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ ለውጥ ይደረግበት አለ። እሷ እምቢ አለች። አልበሙም አሜሪካ ሳይወጣ ቀረ። ስዊድን ውስጥ ግን ሥራዋን አላቋረጠችም። እኔን ብትጠይቁኝ የሮቢን ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ እምቢታ ነው፤ ከ7ኛ ደረጃው አይደለም።

ብሪትኒ ስፒርስ የሮቢንን ቦታ ነጥቃ ነው የታወቀችው ይባላል። እውነት ነው?

ወሬው መነሻ አለው፤ ግን ተጋኗል። "ሾው ሚ ላቭ"ን ከሮቢን ጋር የጻፈው ስዊድናዊው የዘፈን ደራሲና አዘጋጅ ማክስ ማርቲን ነው። እሱና ሌላው አዘጋጅ ዴኒዝ ፖፕ ስቶክሆልም በነበረው ቼይሮን ስቱዲዮ ይሠሩ ነበር። በ1998 ለብሪትኒ የመጀመሪያ ዘፈኗን የሰጣትም ይኸው ማክስ ማርቲን ነው። ሁለቱን ዘፈኖች አከታትላችሁ ስሟቸው፤ ዝምድናቸው በደንብ ይሰማል። ቦታዋን ተቀማች ለማለት ግን መጀመሪያ ቦታውን መፈለግ ነበረባት። ከዚያ በኋላ የሠራቻቸውን ሥራዎች ስሰማ የፈለገችው አይመስለኝም።

አዲስ አበባ የምኖር ጀማሪ ዘፋኝ ነኝ። ሮቢን የተሳካላት የራሷን ኩባንያ ስላቋቋመች ነው ሲሉ ሰማሁ። እኔም ልሞክረው?

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እንዴት እንዳደረገችው እንይ። ሦስተኛ አልበሟ በ2002 ከወጣ በኋላ ልቧ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሄደ። ዘ ናይፍ ከሚባሉት እህትና ወንድም ጋር "ሁዝ ዛት ገርል"ን ሠራች። ኩባንያዋ ሲሰማው አልጣመውም። እሷ ደግሞ ዘፈኑን ከምትጥል ኩባንያውን ጥላ ወጣች። ኮኒቺዋ ሪከርድስን መሠረተችና በ2005 በራሷ ስም የጠራችውን አልበም አወጣች። ስዊድን ወዲያው 1ኛ አደረገችው። ሌላው ዓለም ግን አልቸኮለም። ከስዊድናዊው የሙዚቃ አዘጋጅ ክሌሩፕ ጋር የሠራችው "ዊዝ ኤቭሪ ሃርትቢት" እንግሊዝ ውስጥ 1ኛ የወጣው በ2007 ነው። አልበሙ አሜሪካ የደረሰው ደግሞ በ2008።

አየህ፣ ይህን ያደረገችው አሥር ዓመት በሙያው ከቆየች በኋላ ነው። ስም ነበራት። እንደ ክላስ ኦህሉንድ ያሉ ጎበዝ አብሮ ሠሪዎች ነበሯት። ከስዊድን ውጭም ሥራዋን ያከፋፈሉላት ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው። ኩባንያ መክፈት ማለት ስቱዲዮውን፣ ክሊፑን፣ ማስታወቂያውን በራስ ኪስ መቻል ነው። ለአሁኑ ኩባንያው ይቆይህ። የማስተሩ (የዘፈኑ ዋና ቅጂ) ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ለስንት ዓመትም እንደሆነ ውሉ ላይ በግልጽ ሳይጻፍ ግን እንዳትፈርም። "በኋላ እንነጋገራለን" ካሉህ ቻው ብለህ ውጣ።

"ዳንሲንግ ኦን ማይ ኦውን" የሚለውን ቀዝቃዛ ዘፈን የሚዘፍነው ወንድ ነው። ጓደኛዬ የሮቢን ነው ብላ ድርቅ አለች። ማን ልክ ነው?

ጓደኛሽ። ሮቢን ከፓትሪክ በርገር ጋር ጽፋ በ2010 አወጣችው። አንቺ የሰማሽው እንግሊዛዊው ካለም ስኮት ረጋ አድርጎ የተጫወተውን ነው። በ2016 አገሩ ውስጥ 2ኛ ደረጃ ደርሶለታል፤ የሮቢን እዚያው 8ኛ ነበር። የእሱን አልጠላውም፤ ግን ዋናውን ነገር አውጥቶታል። ታሪኩ የቀድሞ ፍቅረኛዋ ከሌላ ሴት ጋር ሲሳሳም ጥግ ቆማ የምታይ ሴት ነው። ሮቢን እዚያው እያየች ትጨፍራለች። ምቱ ቀጥ ብሎ ይመታል፤ አያዝንላትም። ምቱ ሲወጣ የሚቀረው እንጉርጉሮ ብቻ ነው። በመጋቢት 2019 ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ከዘፈነች በኋላ ታዳሚው ወደ ምድር ባቡር ጣቢያ ወርዶ ይህንኑ ዘፈን በአንድ ድምፅ ሲያቀልጠው የሚያሳይ ቪዲዮ አለ። ፈልጊው።

ግራሚ አላት?

የአሜሪካውን አልወሰደችም፤ ለእጩነት ግን በተደጋጋሚ ቀርባለች። ያላት የስዊድኑን ሽልማት ነው፤ እሱንም ደጋግማ።

ከ2010 እስከ 2018 አልበም አላወጣችም። ስንፍና ነው?

ኧረ በጭራሽ! በ2010 ብቻ "ቦዲ ቶክ" የተባለውን አልበም በተከታታይ ክፍሎች አውጥታለች። ከዚያ ለዓመታት በየአገሩ ዞረች። በ2014 ከኖርዌዮቹ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጥንድ ሮይክሶፕ ጋር ሠራች። በዚያው ዓመት የቅርብ ጓደኛዋና አብሮ ሠሪዋ ክርስቲያን ፋልክ በካንሰር ሞተ። ከፍቅረኛዋም ተለያይታ ነበር። "ሃኒ" የተባለው አልበሟ ከዚህ ሁሉ በኋላ በጥቅምት 2018 መጣ። አይጮህም፤ አይቸኩልም። በኔ ጆሮ ምርጥ ሥራዋ እሱ ነው።

ልጄ 14 ዓመቷ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይህችን ሴት ትሰማለች። የምትማረው ነገር ይኖር ይሆን?

አይስጉ እናቴ። ሮቢን ከስቶክሆልሙ የንጉሣዊ ቴክኖሎጂ ተቋም ጋር ሆና በ2015 "ቴክላ" የተባለ የቴክኖሎጂ ፌስቲቫል ለታዳጊ ሴቶች ጀምራለች። ልጆቹ እዚያ ሮቦትና ፕሮግራሚንግ ይነካካሉ። አንዳንድ ግጥሞቿ ግን ለአዋቂ የተጻፉ ናቸውና አልፎ አልፎ አብረዋት ይስሙ። ምናልባት እርስዎም ይወዱላት ይሆናል።